ምስማር ያልነካው መደርደሪያ

ሸምሲያ ዐብዱናስር ሐረር፣ ጊደር መጋላ በሚባለው ገበያ ውስጥ ቅመም ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሚዛኗን ሌላ ሰው እንዲነካባት አትፈቅድም። ዋጋ ከቆረጠች ቆረጠች ነው፤ ገዢው ሄዶ ዞሮ፣ ገበያውን ሁሉ አዳርሶ ሲመለስ ያው ዋጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ቅር ካለው መንገዱ ክፍት ነው። ባሏ ቡሽራ በሕይወት ሳለ «እኔ ሴት አገባሁ ብዬ የጀጎልን ግንብ ነው ያገባሁት» እያለ ሰው ፊት ይቀልድባት ነበር። እሷም ትስቅ ነበር፤ ስድብ እንዳልሆነ ታውቃለችና።

ቡሽራ ሲሞት ሰው ሁሉ አሁንስ ትለዝባለች ብሎ ጠበቀ። አልለዘበችም። ልጅ አልነበራትም፤ የባሏ ዘመዶች ቤቷን ዘግታ ከእነሱ ጋር እንድትኖር ሲወተውቷት ሻይ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ሰፈሩ «አባይ ሸምሲያ» ይላታል፤ ታላቅ እህት እንደ ማለት ነው። ወዶ የሚላትም አለ፣ ፈርቶ የሚላትም አለ።

ይህ ነገር የሆነው በ1973 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የተነሳ ነው።

የጀጎል ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ክፍሏን ያውቃታል። በሩን እንዳለፉ ትልቁ ክፍል ነው፤ መደቦቹ በቀይ አፈር የተለሰኑ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰሃንና በስፌት የተሸፈነ። ከጎኑ ኪርታት የምትባል መስኮት የሌላት ትንሽ ክፍል አለች። ሙሽራ የጫጉላዋን ሰሞን የምታሳልፈው እዚያ ነው። ሸምሲያም በጊዜዋ እዚያ ተሞሽራለች። ቡሽራ ሲሞት ደግሞ ዒዳዋን፣ የባል ሐዘን ወራቷን፣ የተቀመጠችው እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እህል አልወርድላት ብሎ ነበር። ነይ ቅመሺ፣ ነይ ታጠቢ፣ ነይ ተነሺ እያሉ ያሰነበቷት የአፎቻዋ ሴቶች ናቸው። አፎቻን ለሌላ አገር ሰው እድር ብንለው ይቀርበዋል፤ በሰርግም በሐዘንም አብሮ የሚቆም ማኅበር ነው። ያበሉባትን ሰሃን እስከ ዛሬ ለይታ ታውቃታለች፤ ሰማያዊ አበባ ያለባት፣ ጠርዟ አንድ ቦታ ላይ የተላጠች።

እንግዲህ የአፎቻው ዕቃ ድሮ ይቀመጥ የነበረው ከአባላቱ በአንዷ ሁለተኛ ቤት ነበር። የትርፍ ቤት አዋጁ ሲመጣ ያ ቤት ትርፍ ተብሎ ተወረሰና ዕቃው ውጭ ቀረ። ድስቱ፣ ትሪው፣ ሳፋው፣ ሰሃኑ፣ ስፌቱ፣ ለሰርግና ለሐዘን የሚወጣው ሁሉ። ሴቶቹ የት እናድርሰው ብለው ሲጨነቁ ሸምሲያ «የኔ ኪርታት ምን ሆነችና» አለች። ተሸክመው አምጥተው ከመሬት እስከ ወገብ ከመሩት። ያ ክምር ነው በኋላ ጣጣ ያመጣው።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት ጓድ ወይንሸት መጣች። ወይንሸት የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ኃላፊ ናት፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ከአዲሱ ከተማ በኩል የተመደበች። ክፉ ሰው ናት ማለት አይቻልም፤ የታዘዘችውን ግን ከታዘዘችው አስበልጣ የምትሠራ ዓይነት ነበረች። ጫማዋን ሳታወልቅ ቀዩን ወለል ረግጣ አለፈችና የኪርታቷን መጋረጃ ገለጠች።

«ይህ ክፍል ውስጥ ማን ይኖራል?»

«እኔ» አለች ሸምሲያ፣ ዓይኗን ከጫማው ሳትነቅል።

«እኔ የማየው ዕቃ ነው።»

«ሰው ቤት ውስጥ ዕቃ እንጂ ምን ልታይ ኖሯል?»

ወይንሸት ትዕግሥቷን ሰብሰብ አደረገች። «እናቴ፣ መመሪያው ግልጽ ነው። የተተከለ ነገር ያለበት ክፍል የመኖሪያው አካል ነው፤ ማንም አይነካብዎትም። ዕቃ የተከመረበት ግን መጋዘን ነው። መጋዘን ለሴቶች ማኅበሩ ይሆናል። ውስጡ ያለውም የጋራ ዕቃ ስለሆነ አብሮ እንረከበዋለን።»

«የተተከለ ማለት ምንድን ነው?»

«ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደርደሪያ፣ ቁም ሳጥን፣ እንዲህ ያለ። ተነቃንቆ የሚወጣ አይቆጠርም።»

«እንግዲያው መደርደሪያ እተክላለሁ።»

«ግድግዳ ለመብሳት፣ ምስማር ለመምታት የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ስጡኛ።»

«ፈቃድ እስከ አብዮት በዓል ቆሟል» አለች ወይንሸት። «እኛ የምንረከበው ደግሞ ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው።»

ይህን ተናግራ ወጣች። መደርደሪያ ካልተከልሽ ክፍሉ ይሄዳል፤ እንድትተክዪ ደግሞ ፈቃድ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሌላው ሰው ጭንቅላቱን ይዞ ይቀመጣል። ሸምሲያ ግን መጥረጊያ አንስታ የጫማውን ዱካ ከወለሉ ላይ አጠፋች። ደሟ ፈልቶ ነበር፤ ደሟ ሲፈላ ደግሞ እጇ ሥራ ይወዳል።

ከሰዓት በኋላ የአፎቻው ታላቅ እማ ዐብላ መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ምላሳቸው ግን ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ተይው ልጄ» አሉ። «ዕቃ ነው፤ ነፍስ አይደለም። ከእነዚህ ጋር ምን አጋፋሽ።»

«እርስዎ ይተዉት» አለች ሸምሲያ። «እኔ ግን በዚያ ሰሃን በልቼ ነው ከሞት የተነሳሁት። ወላሂ አልሰጥም። ነገ የነፋጡማ ልጅ ስታገባ በምን ልናበላ ነው? ነገ እኔ ስሞት የቀብሬን ሰው በምን ልታበሉልኝ ነው? የማኅበሩን በር አንኳኩተን ሰሃን አውሱን ልንል ነው?»

እማ ዐብላ መጋረጃውን ገልጠው ክምሩን አዩትና ክርክሩን ተዉት። ክርክር መተው እሳቸው ዘንድ ሩቡን መስማማት ነው።

በማግስቱ ሸምሲያ ሱቋን ዘግታ ክምሩን በሙሉ አውጥታ ትልቁ ክፍል ወለል ላይ ዘረጋችው። ስፌቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ከታች የነበሩት ነጭ ሻጋታ ይዟቸዋል፤ አንዱ እንደውም አይጥ ቀምሶታል። መሬት ላይ የተከመረ ስፌት በሐረር ክረምት ምን እንደሚሆን ማወቅ ነበረባት፤ በራሷ ተናደደች። ከዚያ መደርደር ጀመረች። ከባዱ ድስት ከታች፣ ትሪው በላዩ፣ ሰሃኑ እጅ በሚደርስበት፣ ስፌቱ ከሁሉ በላይ። በኪርታቷና በወለሉ መካከል እየተመላለሰች፣ አንዴ በክንዷ አንዴ በገመድ እየለካች፣ ሦስት ደርብ እንደሚበቃ አወቀች።

በእንጨት ይሁን ብላ አላሰበችም፤ እንጨት ምስጥ ይበላዋል፣ እርጥበትም ይዞ ይቀራል። ከንግዷ የምታውቀው ነገር ነበር። በርበሬዋን በክረምት የምታናፍሰው በአሮጌ የአልጋ ሽቦ ላይ ነው፤ ነፋሱ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ስፌቱንስ ምን ይከለክለዋል? የሽቦ መደርደሪያ ይሠራል አለች።

ወደ እንደሻው ሄደች። እንደሻው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ወዲያ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ የሚሠራ በያጅ ነው፤ የሰፈሩን አልጋ ሁሉ የጠገነ። ሜትሩን ይዞ መጣና ኪርታቷን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ቀላል ነው፣ እትዬ» አለ። «አራት አምስት ቦታ ግድግዳውን እንበሳለን፣ ምስማር እንመታለን...»

«ምስማር የለም።»

«እንዴት ምስማር የለም?»

«ተከልክሏል። ምስማር የሌለበት፣ ግን የተተከለ መደርደሪያ ሥራልኝ።»

እንደሻው ሜትሩን ጠቀለለ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ መደርደሪያ ሰምቼም አላውቅ።»

«አሁን ሰማህ» አለችው።

ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ተሸነፈ። ተቀምጠው ሲመክሩ አመሹ። ሁለት መሰላል የሚመስሉ የብረት ማቆሚያዎች ይሠራል፤ አንዱ በዚህ ግድግዳ፣ አንዱ በዚያ ግድግዳ ልክክ ብለው ይቆማሉ። በመካከላቸው በፌሮ የተወጠረ የአልጋ ሽቦ ሦስት ቦታ ይዘረጋል። በመሰላሉና በግድግዳው መካከል የጣውላ ቁራጭ ሰክተው ያጠብቁታል። ምስማር የሌለው፣ በራሱ ጉልበት የሚቆም መደርደሪያ። ሸምሲያ ሐሳቡ ስላስደሰታት የሻዩን ስኳር አበዛችለት።

እማ ዐብላ የአልጋ ሽቦ የሚለውን ሲሰሙ «ሙሽራ ክፍል ውስጥ አሮጌ የአልጋ ሽቦ?» ብለው ጮኹ።

«ለሙሽራ ክፍል ከአልጋ ሌላ ምን ይስማማል?» አለች ሸምሲያ።

አሮጊቷ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽቦው አልተናገሩም።

እንደሻው ብረቱን ሊሠራ ሄደ። እዚህ ላይ ነው ሸምሲያ የተሳሳተችው፤ ስህተቷንም ከጀጎል ሴት በቀር ሌላ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። ቅዳሜ ባለጋራ ቤቷ ሊገባ ነው። ባለጋራ ደግሞ ከዘመድ ይልቅ ዓይኑ ስለት ነው። የኪርታቷ ግድግዳ በክረምቱ እርጥበት ተላልጦ ነበር። ወዳጅ ቢሆን ይቅር ይላታል፤ ለወይንሸት የተላጠ ግድግዳ ከማሳየት ግን ክፍሉን መስጠት ይቀላታል። የሰፈሩን ሴቶች ጠራች። ጭቃው በገለባና በኖራ ተቦካ፤ ግድግዳው ጠበቅ ተደርጎ፣ ደንደን ተደርጎ፣ ለአረፋ እንደሚሆነው ተመረገ። በዚያው ሰሞን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በወይንሸት ድምፅ «ለአብዮት በዓል ሁሉም ነዋሪ ቤቱን ይመርግ፣ ኖራ ይቀባ» እያለ ይለፍፍ ስለነበር አንዷ «ሰማሽ አባይ፣ ታዛዥ ሆነሽልናል» ብላ ቀለደችባት። ሸምሲያ ለድምፅ ማጉያው ፊት አልሰጠችውም።

ረቡዕ እንደሻው ብረቱን በጋሪ አስጭኖ እስከ በሩ፣ ከበሩ ወዲህ በትከሻው አመጣው። ወደ ኪርታት ይዘው ገቡ። በሁለቱ ግድግዳ መካከል አልገባም። አዘነበሉት፣ አቃኑት፣ በሰያፍ ሞከሩት። እንደሻው ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ከዚያ ግድግዳውን በጣቱ ነካና ጣቱን አየ። ጭቃ ነበር።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ግድግዳው ወፍሯል።»

ሸምሲያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለኩራት ብላ በራሷ እጅ ክፍሏን አጥብባ ነበር። እንደሻው ብረቱን መልሶ ወስዶ እንዳያሳጥረው መብራቱ ብረቱን በይዶ እንደ ጨረሰ ተቋርጧል፤ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። በእጅ መጋዝ ልቁረጠው ቢልም መልሶ የሚበይድበት የለውም። እማ ዐብላ በሩ ላይ ቆመው ምርጊቱ ይፋቅ አሉ። ሁሉም ይፋቅ ከተባለ ደግሞ ክፍሉ ለቅዳሜ ፍርስራሽ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። ክፍሉ ሲሄድ፣ ሰሃኑ በማያውቁት እጅ ሲወጣ፣ እሷ በር ላይ ቆማ ስታይ ታያት። 

ቆየት ብላ ግን ተነስታ እንደ እንደሻው ግድግዳውን በጣቷ ጫነች። ጣቷ ገባ። ስታወጣው ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«አልደረቀም» አለች።

«አልደረቀም» አለ እንደሻው፤ ምን እንዳሰበች ገና አልገባውም።

«ብረቱ ወደ ውስጥ ይግባ። መሰላሎቹ በሚቆሙበት ቦታ ብቻ ጭቃውን እንቆፍረው፤ እንክተተው፤ መልሰን እንመርግበት።»

እንደሻው እጅጌውን ሰበሰበ። ማንኪያ፣ ቢላዋ፣ የተሰበረ ሰሃን፣ የተገኘው ሁሉ መቆፈሪያ ሆነ። ከመሬት እስከ ራስ በላይ በሁለቱም ግድግዳ መንገድ አወጡ፤ የመሰላሉ ብረት ገባበት፤ ከኖራ ጋር የተቦካ አዲስ ጭቃ ከላይ ከታች ተጠቀጠቀ። ጣውላም አላስፈለገም። ከዚያ ሸምሲያ ትላልቅ ከሰል ምድጃዎች አስገባች፤ ክረምት ነውና ካልታገዘ አይደርቅም። ሐሙስም ዓርብም ከሰሉን እየቀየረች፣ በሩን ከፍታ ራሷ ደጅ እየተቀመጠች ጠበቀችው። ዓርብ ማታ ኖራውን ቀባችበት፤ የብረቱ እግር ጠፋ። ከግድግዳ የበቀለ የሚመስል የሽቦ ደርብ ብቻ ቀረ። ድስቱ፣ ትሪው፣ ሰሃኑ፣ ስፌቱ እንዳቀደችው በየቦታው ገባ። ሽቦው በድስቱ ክብደት ትንሽ ለመጥ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ወይንሸት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትላ መጣች። ደጅ ላይ ጋሪ ቆሟል። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ቆመች። ያላሰበችውን ነው ያየችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ግን ሽቦ አቁሞ ተተከለ ማለት አይቻልም። አውጡት።»

አንደኛው ጥበቃ ጠመንጃውን መደቡ ላይ አስደግፎ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘና ሳበ። ሰሃኖቹ ተንጫጩ። ሌላውም ገብቶ አብረው ሳቡ። ሰሃኖቹ አሁንም ተንጫጩ፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ወይንሸት ፊቷ ተለወጠ። «ፈቃድ እንደሌለ ነግሬዎት ነበር። ምስማር መትተዋል።»

«ፈልጊው» አለች ሸምሲያ። «አንድ ምስማር ካገኘሽ ክፍሉንም ዕቃውንም ውሰጂ። እኔም ጋሪው ላይ እጭንልሻለሁ።»

ወይንሸት ፈለገች። ከሽቦው በታች ጎንበስ አለች፣ ከድስቱ ኋላ በእጇ ዳበሰች፣ ጥግ ጥጉን አየች። እጇ ነጭ ኖራ ሆነ። ምስማር የለም።

«ታዲያ ይህ ብረት በምን ቆመ?»

«በምርጊቱ።»

«ምርጊት ማን ፈቀደልዎት?»

«አንቺ።»

«እኔ?»

«በድምፅ ማጉያ። ሁሉም ነዋሪ ቤቱን ይመርግ አልሽ። መረግኩ። ኖራ ይቀባ አልሽ፣ ቀባሁ። አሁን አውጪው ካልሽ ደግሞ ግድግዳው መፍረስ አለበት፤ ግድግዳ ለመብሳት እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ፈቃድ ቆሟል።»

ጠመንጃውን ያስደገፈው ጥበቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወይንሸት የመጨረሻዋን ሞከረች። «ዕቃው የአፎቻው ነው። ለአንድ ባልቴት ይህ ሁሉ ሰሃን አያስፈልግም።»

«ወደ ትልቁ ክፍል ውጪና ግድግዳውን ተመልከቺ» አለች ሸምሲያ። «ጀጎል ውስጥ የሴት ሰሃን በዛ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።»

ወይንሸት ከእጇ ላይ ኖራውን አራገፈች። ከዚያ ኃላፊነቱ ሁሉ ለአፍታ ከትከሻዋ ወርዶ ድካሟ ታየ። «እኛም እኮ ድግስ አለን» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማኅበሩ አንድ ሰሃን የለውም። በዓሉ ቀርቧል።»

ሸምሲያ ይህን ስትሰማ አላዘነችላትም ማለት ውሸት ነው። አዘነችላት። ግን አንገቷን አልሰበረችም።

«ሰርግ ሲኖራችሁ ኑ» አለች። «ሐዘን ሲያገኛችሁም ኑ፤ አላህ ያርቀው። ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ እማ ዐብላን ጠይቋቸው። ይሰጣችኋል። ከዚህ ቤት ግን ይሰጣል እንጂ አይወሰድም።»

ወይንሸት ጫማዋን አየች፤ ከዚያ ወለሉን። ጥበቃዎቹን አስከትላ ወጣች። ጋሪው ባዶውን ድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጨ ቁልቁል ሲወርድ ተሰማ።

ሲሄዱ ሸምሲያ መጋረጃውን መለሰች። ኪርታቷ ውስጥ፣ ሽቦው ሥር፣ ድሮ ሙሽራ ሆና በተቀመጠችበት፣ ኋላም ባሏን ባለቀሰችበት ቦታ ተቀመጠች።  እንደዚያ ሁሉ ደፍራ ስትናገር የነበረችው ሴት እህል ካፏ ከገባ ሁለት ቀን እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

እማ ዐብላ ገቡ።  ወደ መካከለኛው ደርብ እጃቸውን ዘርግተው ሲፈልጉ ቆዩና አንድ ሰሃን አወጡ። ሰማያዊ አበባ ያለባት፣ ጠርዟ የተላጠች። ይዘዋት ወጡ፤ ሲመለሱ ሩዝና ወጥ ነበረባት።

«ብዪ» አሏት።

ሸምሲያ እንባዋ እየወረደ በላች። አንድም አላስተረፈች። ከዚያ ተነስታ ሰሃኗን አጠበችና ሽቦው ላይ ደፍታ አስቀመጠቻት። ውሃው በሽቦው መካከል ጠብ ጠብ እያለ ወደ ወለሉ ወረደ፤ ሰሃኗም እስኪመሽ ደረቀች።